የ«ጉም ጋላቢዎች» ቁጥር አራት

ፈይዛ ሙሐሲን በ1995 ዓ.ም. ከጅዳ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ሻንጣዋ ሲከፈት ሊያይ መጣ። ለእናቷ ሻሽና ሽቶ፣ ለአባቷ ሰዓትና ጀለቢያ፣ ለታናናሾቿ ጫማ አወጣች። ከሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ቀርቶ ነበርና ወርቅ መስሏቸው ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ሲፈታ ወረቀት ሆነ። ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጡ፣ ከዳር እስከ ዳር በቀለም ሥዕል የተሞሉ አሥራ አንድ ስስ መጻሕፍት።

«ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ከርማ የሕፃን መጽሐፍ ይዛ መጣች!» አለች አንዷ ጎረቤት፣ በሹክሹክታ ያለችው መስሏት።

ፈይዛ ሰምታለች። ግን ምን ብላ ታስረዳ? ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ሦስት ልጆች አሳድጋለች። አባታቸው በየበዓሉ አሻንጉሊት ይገዛላቸው ነበር፤ ሰይፍ የታጠቁ ጦረኞች፣ ክንፍ ያላቸው አውሬዎች፣ ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ። ከእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ የዚያን አሻንጉሊት ታሪክ በሥዕል የሚተርክ ስስ መጽሐፍ ይወጣል። የጦረኛው ክንድ በሳምንቱ ተገንጥሎ ሶፋ ሥር ሲጣል፣ መጽሐፉ ግን ትራስ ሥር ይቀመጣል። አሻንጉሊት ሲሰበር ልጆቹ ግማሽ ቀን ያለቅሳሉ፤ የሚቀጥለው ቁጥር ሲዘገይ ግን ቤቱን ሳምንት ሙሉ ያምሱታል። መካከለኛዋ ልጅ ፈይዛን ዐረብኛ ማንበብ ያስተማረቻት በእነዚያ መጻሕፍት ላይ ጣቷን እየጎተተች ነው። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ ልጆቹ ድርብ የሆኑባቸውን አሥራ አንዱን መርጠው ሰጧት። ፈይዛም በከተማው ማንም ያላወቀውን አንድ ነገር አውቃ ተመለሰች፤ አሻንጉሊትን በሕይወት የሚያቆየው ታሪኩ ነው።

አባቷ አቶ ሙሐሲን ከገበያው ጥግ አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው። ፈይዛ በረንዳው ላይ የስፌት መኪና አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ መስፋት ጀመረች። የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ግን አትጥልም። ከእሱ መጀመሪያ አንዲት ልጅ ሠራች፤ ሰማያዊ ካባ የለበሰች፣ ጉም ላይ የምትሄድ። ስሟን ጤዛ አለቻት። ከዚያ ለጤዛ መጋለቢያ፣ ደንቆሮ ከሚባለው የአካባቢው ደን አፋፍ እንደምትታየው ያለች ቀይ ቀበሮ ሰፋች፤ በዚህችኛዋ ላይ ሁለት ነጭ ክንፍ ጨመረችባትና «ሽው» ብላ ጠራቻት። ጀግና ያለ ጠላት አይቆምምና ጠላትም አበጀች። ሆዱ የተነረተ፣ ጢሙ የቆመ፣ ምንጭ ባየ ቁጥር ተደፍቶ የሚጠጣ ግዙፍ። በጥጥ ፋንታ ጭድ ስለሞላችው ስሙ ድርቆሽ ሆነ።

ሦስቱንም በረንዳው ላይ ገመድ ዘርግታ ሰቀለቻቸው። ሦስት ወር ሙሉ የገዛ የለም። ሴቶቹ ቆም ብለው ይስቃሉ፤ «ለልጅ ጨርቅ ጠቅልለው ቢሰጡት ያው አይደል?» ብለው ያልፋሉ። ሌሎች ደግሞ ፊት ያለው ነገር መሥራት ሐራም ነው እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር። አቶ ሙሐሲን ወሬው ሲበዛባቸው ልጃቸውን አስከትለው፣ ሦስቱን አሻንጉሊቶች በዘንቢል ይዘው፣ ከመስጊዱ አጠገብ ወደሚኖሩት ሽማግሌ ወደ ሸህ አሕመድኑር ሄዱ።

ሸህ አሕመድኑር ቀበሮዋን አንስተው ክንፏን በሁለት ጣት ዘረጉት።

«ቀበሮ ክንፍ አላት እንዴ?» አሉ።

«ይቺ አላት፣ ሸኾቼ» አለች ፈይዛ።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እናታችን ዓኢሻም በልጅነታቸው ክንፍ ያለው የጨርቅ ፈረስ ነበራቸው ይባላል። ነቢዩ ﷺ ባዩት ጊዜ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ሂጂ፣ ልጆችን አጫውቺ። አላህ ያግዝሽ።» ከዚያ ድርቆሽን አገላብጠው አዩና፣ «ይሄን ግን ከእኔ አርቂው፤ ሆዱ የእኔን ይመስላል» አሉ።

ያን ቀን አባትና ልጅ መንገዱን እየሳቁ ተመለሱ።

ሐራም መባሉ ቀረ፤ ገዢ ግን አሁንም አልመጣም። የመጣው አስናቀው ነው። አስናቀው በከተማው የታወቀ የታፔላ ሠዓሊ ነበር። ከምግብ ቤት እስከ መድኃኒት ቤት፣ ከቀበሌ እስከ ፀጉር ቤት በመካነ ሰላም የተሰቀለ ታፔላ ሁሉ የእጁ ሥራ ነው። ለጎረቤቱ ሥጋ ቤት በሬ ሊሥል መጥቶ መሰላሉን ሲያቆም ዓይኑ ድርቆሽ ላይ አረፈና ሳቁ አመለጠው።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«የምንጭ ሌባ ነው» አለች ፈይዛ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«ከዚያስ?»

ሦስት ወር ሙሉ «ከዚያስ?» ያላት ሰው አልነበረም። ፈይዛ መኪናውን አቁማ መተረክ ጀመረች። ድርቆሽ የደጋውን ምንጮች አንድ በአንድ ሲጠጣ፣ ጤዛ ሽውን ጋልባ ወደ ዓባይ ገደል ስትወርድ፣ ጉሙ ከሥሯ ሲከዳት… አስናቀው አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳስቀመጠ ቀረ። ብሩሹ ላይ ያለው ቀለም ደረቀ። ባለሥጋ ቤቱ ወጥቶ፣ «በሬዬስ?» ብሎ ሲጮህ ነው የባነነው።

«ወሏሂ ይሄ መሣል አለበት» አለ። አስናቀው ክርስቲያን ነው፤ ግን የወሎ ሰው መሐላ የጋራ ነው።

ታሪኩን «ጉም ጋላቢዎች» አሉት፤ ቁጥር አንድም በጥቅምት 1996 ወጣ። ማተሚያ ቤት በሌለበት ከተማ እንዴት እንደወጣ ለመረዳት ብርሀንነሽን ማወቅ ያስፈልጋል። ብርሀንነሽ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ የፈተና ወረቀት የሚባዛበት፣ እጀታው በእጅ የሚዞር አሮጌ ማባዣ ማሽን በእሷ ቁጥጥር ሥር ነበር። ርእሰ መምህሩ፣ «ልጆቹ ካነበቡልን ምን ከፋን?» ብሎ ፈቀደ። አስናቀው ሥዕሎቹን የሰም ወረቀት ላይ በሹል ብረት ጫረ፤ ሲቀደድበት እንደገና ጫረ። ብርሀንነሽ ቅዳሜ ከሰዓት እጅጌዋን ሰብስባ እጀታውን አዞረች። ስምንት ገጽ፣ ስድሳ ቅጂ። ቀለሙ በዝቶ የጤዛ ፊት ጥላሸት መሰለ፤ ሽውም ከበግ አትለይም። ብቻ መነበቡን ይነበባል። ፈይዛ እያንዳንዱን ቅጂ አጥፋ በቀይ ክር ከአንድ አዲስ አሻንጉሊት አንገት ላይ አሰረችው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጤዛ ገደል አፋፍ ላይ ባንድ እጇ እንደተንጠለጠለች ታሪኩ ያቆማል።

በመጀመሪያው ገበያ አምስት ሰው ገዛ። በሁለተኛው ገበያ ልጆች እናቶቻቸውን በቀሚስ እየጎተቱ መጡ።

«ያቺ የተንጠለጠለችው ልጅ ሞተች ወይስ ተረፈች?» አለች አንዲት እናት በቁጣ። «ይሄ ልጅ አላስተኛ አለኝ! ንገሪኝና ልንገረው።»

«በቁጥር ሁለት ይታወቃል፣ እታለም» አለች ፈይዛ። ስድሳው አለቀ። የሚገርመው፣ ልጆቹ አጥብቀው የፈለጉት ጀግናዋን አልነበረም። ለአሥር ጤዛ አርባ ድርቆሽ ትሰፋ ጀመር፤ ጭድ ፍለጋ አውድማ ለአውድማ ዞረች።

ቁጥር ሁለት በጥር ወር በፎቶ ኮፒ ተባዛ። ፎቶ ኮፒው ከተማው ውስጥ አዲስ ነበር፤ ግማሹ ቅጂ ተጠናቅቆ የቀረው ገጽ ስድስት ላይ እንደደረሰ መብራት ጠፋና አራት ቀን ሳይመጣ ቀረ። ፈይዛ ገበያ እንዳያልፋት የተባዛውን እንዳለ ሰፍታ አወጣችው። ስለዚህ ግማሹ ልጅ የያዘው ሙሉውን ሲሆን ግማሹ የያዘው ስድስት ገጽ ብቻ ሆነ። ይህን እንደ ጥፋት ቆጥራ ስታፍር፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ያየችው ነገር አስደነቃት። ሙሉውን የያዙት ልጆች በየዛፉ ሥር እንደ ዳኛ ተቀምጠው፣ ስድስት ገጽ ብቻ ለያዙት የቀረውን ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል።

ቁጥር ሦስት ደሴ ታተመ፤ ባለቀለም ሽፋን፣ አምስት መቶ ቅጂ። ፈይዛ ራሷ ሄዳ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ሁለት ቀን ተቀምጣ አስጨረሰችው። ስትመለስ አይሱዙ ላይ ካርቶኖቹን ጭና እሷ ከላይ ተቀመጠችባቸው። መንገድ ላይ ጉጉፍቱ ሲደርሱ ዝናብ ያዛቸው፤ ሸራውን መጻሕፍቱ ላይ ጣለችና ራሷ እስከ አቀስታ በስብሳ ገባች። ከአቀስታ ባለሱቆች ኻያ ወሰዱ፤ አጅባር ለሚሄድ ሾፌር ሠላሳ ሰጠች። በዚያ ክረምት «ጉም ጋላቢዎች» መካነ ሰላም ካለችበት ከቦረና ወረዳ አልፎ ለጋምቦንና ተንታን አዳረሰ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜው ከ1997 ምርጫ ማግስት ነበር፤ ሰው ጥላውን የሚጠረጥርበት ወቅት። ስሙን ያልጻፈ አንድ ሰው ከመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ደብዳቤ አስገባ። ድርቆሽ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሆድ አለው፤ ጢም አለው፤ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ የሕዝብ ምንጭ ይጠጣል፤ ይህ በሹማምንት ላይ ማላገጥ ነው፤ ይላል ደብዳቤው። ፈይዛ ተጠራች። ኃላፊው የቁጥር አራትን ሥዕሎች ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው።

«እስኪጣራ ድረስ» አለ።

«ምኑ ነው የሚጣራው፣ ጋሼ?»

«እሱም ይጣራል።»

ማጣራቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ፈይዛ በየወሩ ትሄዳለች፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «መስክ ወጥተዋል»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ» ትባላለች። ከሁሉ የከበዳት አስናቀው በረንዳው ላይ መታየት ማቆሙ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ስታገኘው መሬት መሬት እያየ፣ «ፈይዛ፣ እኔ የማድረው በጽሕፈት ቤቶች ታፔላ ነው። ልጆች አሉኝ» አላት።

«አብሽር» አለችው። «አልተቀየምኩህም።» እውነቷን አልነበረም። ቤቷ ገብታ የተሰቀሉትን አሻንጉሊቶች ከገመዱ አውርዳ በጆንያ ከተተቻቸው። ከዚያ በኋላ ዩኒፎርም ብቻ ሰፋች።

በ1999 መጋቢት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ፈንታዬ የምትባል የአቀስታ ነጋዴ በረንዳው ላይ መጥታ ቆመች። ከበግ ጠጉር የተሸመነ የብርድ ልብስ፣ ባና፣ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ገበያ የሚያቋርጥ ሴት ናት።

«ቁጥር አራትን ለምን ደበቅሽን?» አለች ሰላምታም ሳታስቀድም።

«አልደበቅሁም፤ አልወጣም።»

«እንዴት አልወጣም? ልጄ አንብባ ገልብጣዋለች!» ከጉያዋ ዳሩ የተላላጠ የልጇን የትምህርት ቤት ደብተር አውጥታ ዘረጋችላት። ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጉም ጋላቢዎች ቁጥር አራት» ይላል። ሥር ደግሞ፣ «ጸሐፊና ሠዓሊ ምህረት መለሰ፣ ስድስተኛ ሐ»።

ፈይዛ እዚያው መኪናዋ ላይ ተደግፋ አነበበችው። ምህረት ጤዛን ቁጥር ሦስት መጨረሻው ላይ ከተዋት ገደል በሰላም አወጣቻት። ከዚያ ጤዛ ሰይፏን መዝዛ ድርቆሽ ፊት ስትቆም፣ ከመምታቷ በፊት አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ «ይህን ሁሉ ውሃ ለምን ትጠጣለህ?» ግዙፉ ያለቅሳል። «እኔ ጭድ ነኝ» ይላታል። «እሳት እፈራለሁ።»

ፈይዛ ደብተሩን ዘጋች። ሦስት ቁጥር ስትጽፍ፣ ከመቶ በላይ ድርቆሽ በገዛ እጇ ጭድ ሞልታ ስትሰፋ፣ ያ ፍጡር ለምን እንደሚጠጣ አንድም ቀን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ፈንታዬ ደንግጣ፣ «ምነው፣ አጠፋች እንዴ?» አለች።

«አላጠፋችም። ማሻአላህ! አላጠፋችም።»

ፈይዛ ወዲያው መጠየቅና ማስጠየቅ ያዘች። ለካ ምህረት ብቻዋን አልነበረችም! ቁጥር አራት የቀረባቸው ልጆች በየደብተራቸው የራሳቸውን ጽፈው እየተዋዋሱ ሲያነቡ ኖረዋል። ከአጅባር ሁለት ተላከላት፤ ከአቀስታ ከምህረት ሌላ አንድ ተገኘ፤ ከዚያው ከመካነ ሰላም ብርሀንነሽ ሰባት ሰብስባ አመጣችላት። በአንዱ ድርቆሽ ያገባል፤ በሌላው ሽው አራት ግልገል ትወልዳለች፤ በሌላው ጤዛ ጎል ጠባቂ ሆና የትምህርት ቤቱን ቡድን ታድናለች። አሥራ አንድ ቁጥር አራት።

አሥራ አንዱንም በዘንቢል ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። በዚህ ጊዜ ግን «ተመለሺ» ሲሏት በሩ ላይ ተቀምጣ፣ «እስክትሰበሰቡ እጠብቃለሁ» አለች። ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው ቀን አንድ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ኃላፊው፣ ጸሐፊው፣ ሰብሳቢ እንዲሆኑ የተጠሩት ደግሞ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ ጡረተኛ መምህር፣ አቶ ኪዳነማርያም። ፈይዛ ልትገባ ስትል ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። አስናቀው ነው፤ ቀለም የነካውን ካፖርት ለብሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«ሥዕሉ የእኔ ነው» አለ ሳያያት። «ብቻሽን አትጠየቂም።»

ገቡ። ክሱ ተነበበ፤ ሆድ፣ ጢም፣ ጃንጥላ። አቶ ኪዳነማርያም መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አሏት።

«አጥፍቼ ከሆነ ለማረም ዝግጁ ነኝ፣ የኔታ» አለች ፈይዛ። «አንድ ነገር ብቻ ይነገረኝ። ድርቆሽ የሚመስለው ሹም ማን ነው? ስሙ ከተነገረኝ፣ አስናቀው አሁኑኑ እዚሁ ሥዕሉን ከእሱ እንዳይመሳሰል አድርጎ ያስተካክለዋል።»

ኃላፊው ጢሙን ሊነካ እጁን አንስቶ፣ መንገድ ላይ መለሰው። ጸሐፊው ሳል ያዘው። «እኔን ይመስላል» ብሎ የሚነሣ ሰው ከየት ይምጣ? አቶ ኪዳነማርያም ግራ ቀኙን አዩ፤ ቆይተው ከዘንቢሉ የላይኛውን ደብተር አወጡ። የምህረት ነበር። ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር፤ ሲያነቡ አስተማሪነታቸው ተመለሰባቸው፣ ለጤዛ ቀጭን ድምፅ፣ ለድርቆሽ ወፍራም ድምፅ አወጡ። «እኔ ጭድ ነኝ፤ እሳት እፈራለሁ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መጀመሪያ የሳቀው ጸሐፊው ነው። ቀጥሎ ኃላፊው ራሱ ፈገግ አለ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያላጣራነውን አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አጣርታልናለች» አሉ አቶ ኪዳነማርያም። «መሳቢያው ይከፈት።»

መሳቢያው ተከፈተ። ፈቃዱ እዚያው ተጻፈ፤ ማኅተምም አረፈበት። ፈይዛ ከመሳቢያው የወጡትን የቁጥር አራት ሥዕሎች ተቀበለች፤ ደጅ ስትወጣ ግን ለአስናቀው እንዲህ አለችው፦

«እነዚህን አናትምም። ቁጥር አራት የምህረት ነው።»

«የእኛስ?»

«የእኛ ቁጥር አምስት ይሆናል። ከእሷ የተሻልን እንደሆነ።»

አስናቀው በዚያ ሳምንት ወደ በረንዳው ተመለሰ። የምህረትን የእስክሪብቶ መስመሮች አልቀየራቸውም፤ አጠራቸው፣ ቀለም ሰጣቸው፣ ያ ብቻ። «ይቺ ልጅ የቀበሮ ዓይን ከእኔ ይልቅ ታውቃለች» እያለ ነበር የሚሠራው። የቀሩት አሥር ደብተሮችም አልተጣሉም፤ የእያንዳንዱ ልጅ ስምና አንድ አንድ ሥዕሉ ከመጽሐፉ ጀርባ ገባ።

ቁጥር አራት በአዲሱ ሚሊኒየም መባቻ፣ በመስከረም 2000፣ በሁለት ሺህ ቅጂ ከደሴ ወጣ። ፈይዛ መጀመሪያ ያወረደችው አቀስታ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ ሜዳው የጠበባቸው አጥሩ ላይ ተሰቅለዋል። ርእሰ መምህሩ ሽፋኑን ከፍ አድርጎ «ታሪክና ሥዕል፦ ምህረት መለሰ!» ብሎ ሲያነብ፣ ምህረት ሻርፗን እስከ ዓይኗ ሳበችው። እናቷ ፈንታዬ ግን የምትደበቅ አልነበረችም።

«የወለድኳት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ስሙኝማ፣ እኔ ነኝ!»

እልልታው ቀለጠ። አስናቀው ከአይሱዙው ላይ ካርቶን ሲያወርድ ቆሞ ቀረ፤ ብርሀንነሽ የምታድለውን ረስታ ታጨበጭባለች። ፈይዛ ምህረትን ፈልጋ አገኘቻትና ጎንበስ ብላ፣ «ስንት ጊዜ ጻፍሽው?» አለቻት።

«አራቴ» አለች ልጅቷ ከሻርፑ ውስጥ። «ሦስቱ ላይ ጤዛ ገድላው ነበር። አላማረኝም።»

«ቁጥር ስድስትን ትጽፊልኛለሽ?»

ምህረት ሻርፑን ዝቅ አደረገች። «አምስትን አይቼ ነው የምወስነው» አለች፤ ፈይዛም ከልቧ ሳቀች።

«ጉም ጋላቢዎች» እስከ 2004 ድረስ አሥራ ሁለት ቁጥር ወጣለት። ስድስትና ዘጠኝ የምህረት ናቸው፤ አሥር የአንድ የአጅባር ተማሪ ነው። ሰባት ማተሚያ ቤት ውስጥ ገጾቹ ተዘበራርቀው ታሪኩ ከመጨረሻው ጀምሮ ወጣ፤ ልጆቹ ግን ከሁሉ አስበልጠው ወደዱት። አሻንጉሊቱን ደግሞ ከዐረብ አገር የተመለሱ ስድስት ሴቶች በረንዳው ላይ ከፈይዛ ጋር ተቀምጠው ይሰፉት ነበር።

አሥራ ሁለተኛውን ፈይዛ ራሷ ጻፈችው፤ የመጨረሻው እንደሆነም ሽፋኑ ላይ በግልጽ አስቀመጠች። አጅባር ገበያ ላይ ስትዘረጋው ገና ረፋድ ነበር። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሽፋኑ ተጣሞ የታተመው ናሙና እንኳ በሽሚያ ተወሰደ። ፈይዛ ከፀሐዩ ዘወር ብላ ባዶው ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቀርበው፣ «አለቀ እንዴ፣ ልጄ?» አሏት።

«አለቀ፣ አባብዬ» አለች። «አንድም ሳይቀር አለቀ!»